ለመርከበኛው የተቀቀለ ንፍሮ

ሐሙስ ጠዋት ከሰፈሬ ከዓለም ባንክ የተነሣሁት አንድ ወረቀት ላይ ያኖርኩትን ፊርማ ለመሰረዝ ነው። ወረቀቱ ያለው ከተማውን አቋርጦ ከመገናኛ ወዲያ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር። እኔ ከሰፈሬ ያን ያህል ርቄ የምሄደው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው፤ እሱም ለለቅሶ ወይም ለሠርግ። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ስዘጋጅ ሰነበትኩ። የቀበሌ መታወቂያዬን ከሣጥን አወጣሁ። አዲስ እስክሪብቶ ገዛሁ። የፈረምኩት በእጄ ስለሆነ የሚሰረዘውም በእጄ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ የቢሮ ሥርዓት ብዙ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ጎረቤቴ ዘሃራ ቤት ነው። ዘሃራ ትልቅ ቴሌቪዥን አላት። ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰባት ስምንት ሴቶች እሷ ሳሎን ተሰብስበን ወደ አማርኛ የተመለሰ የውጭ አገር ድራማ እናያለን። ድራማው ውስጥ ባሕር ላይ የጠፋ አንድ ልጅ ነበር። ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ መርከበኛው እያልን እንጠራዋለን። እናቱ በየቀኑ በረንዳ ላይ ወጥታ ባሕሩን ታያለች። ስንት ወር ሙሉ ይመጣል፣ አይመጣም እያልን ስንከራከር ቆየንና ጥቅምት ላይ ሬሳው ተገኘ።

ዘሃራ «ኢና ሊላሂ!» ብላ ጭኗን መታች። በለጡ የምትባለዋ ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። በማግስቱ፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ ከምር፣ ስንዴና ባቄላ ቀቅለው መጡ። «የመርከበኛውን ለቅሶ እንቀመጥ» ተባለ። ንፍሮው በሳህን ዞረ። ተሳቀ፤ ተለቀሰም። እኔ ግን አንድ እፍኝ አፌ ውስጥ ከትቼ መዋጥ አቃተኝ። ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ። «ትሩ፣ መርከበኛው ዘመድሽ ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። ስሜ ትርንጎ ነው፤ ትሩ የሚለኝ ሰፈሩ ነው።

ወሬው እንዴት እንደደረሳት አላውቅም፤ ከወር በኋላ ሕሊና የምትባል ተማሪ ደብተርና መቅረጫ ይዛ መጣች። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ስትናገር እጇን የምታፋትግ። «ስለ አድናቂዎች ነው የማጠናው» አለችን።

«የማን አድናቂ?» አለቻት ዘሃራ።

«የድራማ፣ የዘፋኝ፣ የኳስ ቡድን። ሰው አንድ ነገር ሲወድ ምን እንደሚያደርግ፣ ከሌላው ወዳጅ ጋር እንዴት እንደሚሰባሰብ።»

«ይሄን ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ይማሩታል?»

«አዎ፣ በውጭ አገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።»

«እሰይ! እንግዲያው ይሄ ሶፋ ላይ ያለነው ሁሉ ዶክተሮች ነና!» አለች ዘሃራ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ሁላችንም ፈቃደኛ ነን የሚል ወረቀት ላይ ፈረምን። አንድ በአንድም አነጋገረችን። የእኔ ተራ የደረሰው ባለቤቴ ደምሴ ለደም ግፊቱ ክትትል ጤና ጣቢያ በሄደበት ቀን፣ እኔው ቤት ውስጥ ነበር። «መርከበኛው ሲሞት ለምን ያን ያህል አለቀሱ?» አለችኝ። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። አመሻሽ ላይ ከሰፈራችን የምትሄድ ሰው ስለሆነች ይመስለኛል።

የነገርኳት ይህን ነው። ልጄ ሚኪያስ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጥቷል። በመንገድ ላይ ሆኖ «ነገ እንሻገራለን» ብሎ ደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ደምሴን ሐኪሙ «ድንገተኛ ነገር እንዳታሰሙት» ብሎኛል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ፣ «ዛሬ አንተ ሳትኖር ሚኪ ደውሎ ነበር። ደህና ነኝ አለ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አለ። አባዬን ሰላም በይልኝ አለ» እለዋለሁ። ልጁ የሚያውቀው የእኔን ቁጥር ብቻ ነው። የደምሴ ስልክ ጦር ኃይሎች ታክሲ ሲጠብቅ ተሰርቆ ቁጥሩ ተቀይሯል። ውሸቴም ያለ ችግር የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። እስከዚያ ሐሙስ አሥራ አራት ወር ሆኖት ነበር።

ሰኞ ዕለት ሕሊና ደወለች። «እትዬ ትርንጎ፣ ሐሙስ ጽሑፌን መምህራን ፊት አቀርባለሁ። እሑድ ደግሞ አሳጥሬ አትሜ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ አመጣላችኋለሁ። ስምዎትን ቀይሬዋለሁ፤ ተሳታፊ አራት ነዎት» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ስሜ ቢቀየር ምን ዋጋ አለው? በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ፣ ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ልጇ ደቡብ አፍሪካ ብሎ የሄደ። እኛ መንደር እንዲህ ያለ ቤት አንድ ነው። ደምሴ ደግሞ ፊደል ያለበትን ነገር አያልፍም፤ በርበሬ የጠቀለልኩበትን ጋዜጣ እንኳ ፈትቶ ያነባል። ሴቶቹም ካነበቡ የሚያስቡት አንድ ነገር ነው። ሞቷል ይላሉ። መርዶ ሊነግሩን ገና ጎሕ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። ያን ጊዜ የሚቀቀለው ንፍሮ የመርከበኛው አይሆንም።

በስልክ እንዳልነግራት ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ደምሴም ከቤት አይጠፋም። ሄጄ ከእሑድ በፊት ቃሌን መመለስ ነበረብኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዓለም ባንክ

ሰኔ ነው፤ ሰማዩ ከጣራው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ለደምሴ ዓይኔን ልታይ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ ብዬዋለሁ።

«ብቻሽን?» አለኝ።

«ብቻዬን። ማንን ይዤ ልሂድ?»

«ስልክሽ ቻርጅ አለው?»

«ሞልቷል።»

ዣንጥላውን አምጥቶ ሰጠኝ። በሩን ይዞ ብዙ ቆመ። ያኔ ልብ አላልኩትም። ከፋሲካ ወዲህ «ልጁ ደወለ?» ብሎ መጠየቁን ትቷል። እኔ የማመጣለትን ወሬ ለምዶት ልቡ የረጋ መስሎኝ እግዚአብሔርን አመስግኜ ነበር።

ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፤ ዝናብ እንዳያገኘው፣ ቢጮህም እንዳያመልጠኝ። ከኮብልስቶኑ ማለቂያ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጭቃ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀው። ፌርማታው ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ሃያ ደቂቃ ቆሜ በቤቴል በኩል ጦር ኃይሎች የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁ።

ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ስለ እንግሊዝ ኳስ ይከራከራሉ። አንዱ ቀይ ማሊያ በጃኬቱ ሥር ለብሷል። «ባለፈው ስንሸነፍ እኮ ምሳ አልበላሁም» ይላል።

«ስንሸነፍ? አንተ ደግሞ የት ተሰልፈህ ነው የተሸነፍከው? ዓለም ባንክ ቁጭ ብለህ!»

«ዝም በል ባክህ። አንተ ዋንጫ ካየህ ስንት ዓመትህ ነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ባለማሊያው ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «እናት፣ እርስዎ የማን ደጋፊ ነዎት?» አለኝ።

«የማንም» አልኩት።

«ኧረ የማንም ያልሆነ ሰው የለም!»

ሕሊና እዚህ ብትኖር ይህንንም ትጽፈው ነበር ብዬ አሰብኩ። ሰው የማያውቀውን፣ እሱንም የማያውቀውን ሰው እንዲህ አድርጎ የራሱ ሲያደርግ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። መርከበኛው ከሞተ ወዲህ አያስቀኝም።

ሦስት ሰዓት፣ ጦር ኃይሎች

ጦር ኃይሎች ስወርድ ዝናቡ ጀመረ። ደምሴ ስልኩን የተሰረቀበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ደረቴን በእጄ ይዤ አለፍኩት። በቆሎ ጠባሿ ከሰሏን በላስቲክ ሸፍና ትቆጣለች። የባቡሩን ቲኬት ቆርጬ ተሳፈርኩ። ባቡር ከታክሲ ይረክሳል፤ ግን መቀመጫ የለም፤ ሰው በሰው ላይ ነው። አጠገቤ የቆመችውን ሴት «መገናኛ ስንደርስ ንገሪኝ፣ እናቴ» አልኳት።

«እኔም እዚያው ነኝ፤ አይዞዎት» አለችኝ።

ልደታን አለፍ እንዳልን በመስኮቱ ወደ ታች አሳየችኝ። ቤት የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ውኃ ቋጥሯል። «እዚያ ጋ ነው ያደግኩት» አለች። «አሁን ሰው ሲጠይቀኝ በጣቴ የማሳየው ነገር የለኝም።» ባቡሩ ባቆመ ቁጥር ስልኬን አውጥቼ ኔትዎርክ መኖሩን አያለሁ። አለ። ማንም አልደወለም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ዩኒቨርሲቲው

ከመገናኛ ሌላ ታክሲ ይዤ፣ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ቦርሳዬን በረበረ። «የማን ቤተሰብ ነዎት?» አለኝ።

«የሕሊና። ዛሬ ጽሑፍ የምታቀርበው።»

«እናቷ ነዎት?»

አዎም አይደለሁምም አላልኩም። «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ መታወቂያዬን ተቀብሎ በምትኩ ቁጥር ያለው ካርድ ሰጠኝ። ለመሰረዣ ያመጣሁት መታወቂያ በሩ ላይ ቀረ። ይህ ገና ከመግባቴ አስፈራኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። እጇ በረዶ ነው። ስታየኝ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እትዬ ትርንጎ! መጡልኝ! ከሰፈራችሁ ማንም የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት...»

«እናቴ እኮ ልትመጣ ነበር። መንገዱን አላመንኩትም ብላ ቀረች። ዛሬ ለሁሉም እናቱ መጥታለች፤ እኔ ብቻዬን ነኝ ብዬ ጠዋት ሳለቅስ ነበር።»

እስክሪብቶዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። «ታሪኬን አውጪልኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነው። ግን የምትንቀጠቀጥ ልጅ አቅፌ እንዴት ልበላት? ካለቀላት በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት። ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ መለስኩላትና «ግቢ፣ አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አልኳት።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ጠረጴዛው ላይ ለመምህራኑ የታሸገ ውኃና በሳህን ቆሎ ተቀምጧል። ፊት ለፊት ሦስት መምህራን፣ ከኋላ ጓደኞቿ። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። የአማርኛ ክፍል ተማሪ ስለሆነች ሁሉም በአማርኛ ነበር፤ አብዛኛው ገብቶኛል።

አድናቂ ማለት ዝም ብሎ ተመልካች አይደለም አለች። ካየው ታሪክ ተነሥቶ የራሱን ነገር የሚሠራ ሰው ነው። ልጁን በገጸ ባሕርይ ስም ይጠራል፤ በስልክ ቡድን ይመሠርታል፤ ደራሲው የገደለበትን ሰው ያስነሣል። ከዚያ ወደ እኛ መጣች። የዘሃራን ሳሎን፣ የበለጡን ነጠላ፣ ንፍሮውን ተናገረች። መምህራኑ ፈገግ አሉ። የእኛ ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ በክብር ሲነገር ስሰማ ለአፍታ የመጣሁበትን ረሳሁት።

ቀጥላ፣ «ተሳታፊ አራት እንዲህ ይላሉ» ብላ ማንበብ ጀመረች።

«መርከበኛው ሲሞት ሌሎቹ አለቀሱ፤ ለነሱ አለቀላቸው። የእሱ እናት ቢያንስ ሬሳ አገኘች። እኔ ቀናሁባት። ሰው በሬሳ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።»

ይህን ማለቴን አላስታውስም ነበር። ቃሉ ግን የእኔ ነው። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም፤ ተሳታፊ አራት እዚያ መስኮት ሥር እንዳለች የሚያውቅ ከሕሊና በቀር አልነበረም።

ጥያቄ ተጀመረ። ፈታኙ ሽበት ያላቸው፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሰው ናቸው።

«ሕሊና፣ ሥራሽ ጥሩ ነው። የንፍሮው ክፍል በተለይ። አንድ ነገር ግን ከበደኝ። ተሳታፊ አራት እዚህ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«ከሁሉም በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።»

«ያለቀሱት ለማን ነው?»

ሕሊና ወረቀቷን መገላበጥ ጀመረች።

«ለድራማው አይደለም፤ ራሳቸው ነግረውሻል። ያለቀሱት ለልጃቸው ነው። ድራማው ባይኖርም ያለቅሱ ነበር። የአንቺ ጥናት ስለ አድናቂ ነው፤ እሳቸው አድናቂ አይደሉም።»

አማካሪዋ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴት፣ ጣልቃ ገቡ። «ሌሎቹስ ለማን እንዳለቀሱ በምን እናውቃለን? ከየቤታቸው ይዘውት የመጡት ሐዘን ይኖራል፤ ስላልተናገሩት ነው እንጂ።»

«ያልተናገሩትን ልንመዝነው አንችልም። እሳቸው ግን ተናግረዋል። ይህ የአንዲት እናት መከራ ነው፤ ያሳዝናል፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። ይውጣ።»

ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ሰረዙ። ድምፁ እስከ መስኮቱ ተሰማኝ።

ሦስት ቀን የተዘጋጀሁበትን፣ ጭቃና ዝናብ አቋርጬ የመጣሁበትን ነገር ሌላ ሰው በአንድ መስመር ጨረሰልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ «እባክዎ ይተዉት» ልል ምንም አልቀረኝም። የሚኪ መጥፋት በዓለም ላይ የተጻፈበት ቦታ ያ ገጽ ብቻ ነበር። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ትክክልም ሳይሆኑ አልቀሩም። ተነሥቼ ምን እላለሁ? ከመስኮቱ ሥር አልተነሣሁም።

ሰባት ሰዓት፣ የተማሪዎች ምግብ ቤት

አለፈች። ጓደኞቿ እልል አሉላት፤ ፎቶ ተነሡ። እኔንም ጎትተው መሀል አስገቡኝ። ከዚያ የሰኔ ጾም ስለሆነ ሽሮ አዘን ተቀመጥን። ሽሮው ቀጭን ነው፤ ለተማሪ ግን ዋጋው ደህና ነው። ሕሊና አልበላችም።

«እትዬ ትርንጎ፣ አስወጡብኝ። ዋናዬ እርስዎ ነበሩ። አደራዎትን በላሁ።»

«ግድ የለም፣ የኔ ልጅ። ለእሑድ የምታመጪውስ?»

«ከእሱም ይወጣል። የተፈቀደውን ብቻ ነው የማሳጥረው።»

ይኸው፤ ጉዳዬ አለቀ። ልነግራት የመጣሁትን ፈጽሞ አልነገርኳትም። ዛሬም ድረስ ልመርቃት የመጣሁ ይመስላታል፤ እንዲመስላትም ፈለግኩ።

«የሚጣል ከሆነ ወረቀቱን ለእኔ ስጪኝ» አልኳት።

ከጽሑፉ መጨረሻ ንግግራችን እንዳለ የተገለበጠበትን ሦስት ገጽ አውልቃ ሰጠችኝ። እጇን እያፋተገች፣ «ልጅዎ ይመጣል» አለችኝ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ይህን የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ መጥፋቱን የሚያውቅ ስላልነበረ። አንገቷን ስሜ ወጣሁ። በሩ ላይ ካርዱን መልሼ መታወቂያዬን ተቀበልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ባቡር ውስጥ

መመለሻው ላይ መቀመጫ አገኘሁ። መስኮቱ በዝናብ ታውሯል፤ ከተማው አይታይም። ወረቀቱን አውጥቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሕሊና የተናገርኩትን ብቻ ሳይሆን ያልተናገርኩትንም ጽፋው ነበር።

«ሕሊና፦ ከዚያስ?

ተሳታፊ ፬፦ ከዚያማ ነገ እንሻገራለን አለኝ።

(ዝም አሉ)

ሕሊና፦ በየት በኩል እንደሚሻገሩ ጠየቁት?

ተሳታፊ ፬፦ አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት ምን በላህ ብዬ ነው።

(ረጅም ዝምታ)»

ሰው ዝም ሲልም ይጻፋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ይህን እያነበብኩ ደረቴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም፤ ፌስታሉን በጥርሴ ነው የቀደድኩት። ዘሃራ ነበረች።

«ትሩ፣ የት ጠፋሽ? ዛሬ አዲሱ ድራማ ይጀምራል፤ እንዳትቀሪ! ደግሞ በዚህኛው ማንም አይሞትም ብለዋል።»

«እሺ» አልኳት። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ሶፍት አቀበሉኝ። ምንም አልጠየቁኝም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ቤት

ጦር ኃይሎች ሰልፉ አስፋልቱን ዞሮ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ በዝናብ ቆሜ የዓለም ባንክ ሚኒባስ ያዝኩ። ሰፈር ስደርስ መብራት አለ፤ ጭቃው ጠዋት ከነበረው ብሶበታል። ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፎጣ ሰጠኝ። ሻይ አፍልቶ ነበር፤ እሱ ሻይ ሲያፈላ አይቼ አላውቅም።

«ዓይንሽን ምን አሉሽ?»

«ደህና ነው አሉኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጋዜጣ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ሚኪ ደውሎ ነበር» አለኝ።

ፎጣው እጄ ላይ ቀረ።

«መቼ?»

«ቀን። አንቺ ሳትኖሪ።»

«በየት ስልክ?»

«በኔው። ደህና ነኝ አለ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አለ። እማዬን ሰላም በልልኝ አለ።»

ቃሉ የእኔ ነው። አንዱን እንኳ አልቀየረውም። ልጁ የሚያውቀው ስልክ ቀኑን ሙሉ ደረቴ ውስጥ ነበር፤ የደምሴን አዲስ ቁጥር የሚነግረው ማንም የለም። ደምሴም ይህን ያውቃል። እንደማውቅም ያውቃል። ጠዋት በሩን ይዞ ሲቆም የልጁን ወሬ ፍለጋ የምሄድ መስሎት ይሆናል። አመሻሽ ላይ ፊቴን ሲያይ ደግሞ አጥቼው የመጣሁ መስሎት፣ ያለውን መጽናኛ አውጥቶ ሰጠኝ። ከፋሲካ ወዲህ መጠየቁን የተወው ስለረጋ አልነበረም። እንዳልዋሽ ሊያሳርፈኝ ብሎ ነው።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ፈታኙ «ያልተናገሩትን ልንመዝነው አንችልም» ሲሉ ስለ ዘሃራ ሳሎን መስሎኝ ነበር። አንድ ክፍል ቤት ውስጥም ሁለት ሰው አንድ ልጅ ለየብቻው ሲጠብቅ ሊከርም ይችላል። እኔ የፈራሁት ወረቀቱ ደምሴን ይገድለዋል ብዬ ነው። ወረቀቱ የያዘውን ግን እሱ ለብቻው ተሸክሞት ከርሟል። ይህን ለማወቅ ከተማውን ማቋረጥ አያስፈልግም ነበር፤ ጠረጴዛውን ማቋረጥ ይበቃ ነበር።

ሦስቱን ገጾች አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ። ዳራቸው ረጥቧል። ምንድነው ሳይል መነጽሩን አደረገ። ከማዶ የአዲሱ ድራማ ሙዚቃ ተሰማ። «ትሩ! ጀመረ!» አለች ዘሃራ በአጥሩ ላይ።

«ዛሬ አልመጣም» ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ደምሴ እንደ እኔው በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። ጣቱ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ወረደ፤ «የጠየቅኩት ምን በላህ ብዬ ነው» የሚለው ጋ ደርሶ ቆመ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተጫነው።

«ምን አለሽ?» አለኝ።

«እ?»

«ምን በላሁ አለሽ?»

«ዳቦ በሻይ» አልኩት። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ስለ ልጃችን እውነት ስነግረው ይህ የመጀመሪያው ነበር።